ቀጭኑ ጊታር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ቦታ

ሽቦዬ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጠኸኝ ግን ቆይቷል፤ ስለዚህ ደህና ነህ ብዬ ልለፈው። ስልክ ላይ ስጽፍልህ ታነበውና ዝም ትላለህ። ወረቀት ቢያንስ መነበቡን አያሳብቅም።

እኛም ደህና ነን። እኛ የምልህ እኔና እናትህን ነው። አትደንግጥ፣ አልታመመችም። የቤቷ ደረጃ ለጉልበቷ ከበዳትና እኔ ዘንድ ገባች። እኔም ነይ አላልኳት፣ እሷም ልምጣ አላለችኝ፤ አንድ ቀን ልታየኝ መጥታ መሸባት፣ አደረች፣ በማግስቱ ሻንጣዋን አመጣን። የምትተኛው የሙዚቃ ዕቃ ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። አንደኛውን አምፕሊፋየር ኮሜዲኖ አድርጋዋለች፤ መነጽሯም መድኃኒቷም እሱ ላይ ነው። ሌላኛው ላይ አበባ አስቀምጣ ውሃ ስታጠጣ ደርሼ፣ "እማማ፣ እሱ እኮ ኤሌክትሪክ ነው" ብላት፣ "ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲያደነቁር ኖሮ ምን ሆነ? ትንሽ ውሃ ይጠጣበት" አለችኝ።

እኔ አሁንም ሶፋ ቤት ነኝ። የሰው ሶፋ እገፍፋለሁ፣ የተጎዳ ስፖንጅ እቀይራለሁ፣ አዲስ ጨርቅ አለብሳለሁ። ቀኑን ሙሉ የስቴፕል መምቻውን ይዤ ጠቅ ጠቅ ሳደርግ እውላለሁ። አለቃዬ "አንቺ ስትመቺ ምት ትጠብቂያለሽ፣ ጨፋሪ ነበርሽ እንዴ?" ይለኛል። ቤዝ እመታ እንደነበር አልነገርኩትም። ቢያውቅ ምን ሊያደርግልኝ?

የምጽፍልህ ሸክላው ስለወጣ ነው። መውጣቱን ሳትሰማ አትቀርም። ሰብሳቢው፣ የድሮ ቅጂዎቻችንን የሰበሰበው ያ በየዝግጅታችን መቅጃውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚመጣው የሬዲዮ ሰውዬ፣ ፈቃድህን በጠየቀህ ጊዜ "አድርጉት" ብለህ እንደመለስክለት ነግሮኛል። አንዲት ቃል። ለሱም ቢሆን መመለስህ ጥሩ ነው፤ እጅህ እንደሚሠራ አወቅኩ።

ሸክላው ላይ በዚያ በድሮው የጭፈራ አዳራሻችን የተጫወትነው ሁሉ አለን። ፌስታል ቬንትሌተር ላይ አስሮ የጊታሩን ክር ሲያስገርፍ የሚያመሸው ሰውዬ አለ። ጊታራቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው በማንኪያ የሚገርፉት እህትማማቾች አሉ። ክሩን ሁሉ አላልተው እንደ ከብት የሚያስጮኹት የመካኒኩ ልጆችም አሉ። ከሁሉም ሥር ያው የድራም ማሽን ዱም ዱም ይላል። ለብቻው የሰማው ሰው ብረት ቤት እየፈረሰ ነው ይላል፤ አዳራሹ ውስጥ ሲሆን ግን እግር አያርፍም ነበር። ሰብሳቢው ለሸክላው ስም ያወጣው በሩ ላይ ተለጥፎ ከነበረው ጽሑፍ ነው፤ "ቆሞ ማዳመጥ ክልክል ነው"። ሽፋኑም የበሩ ፎቶ ነው። የኛ ዘፈን በሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ ነው።

ሊታተም ሲል ሰብሳቢው ደውሎ "የናንተን ቅጂ እያጸዳን ነው፣ መጥተሽ ብትሰሚው" አለኝ። እናትህ አጠገቤ ነበረች። "እኔም እመጣለሁ፤ የልጄ ነገር ነው" አለች። ስለ ሙዚቃችን በጎ ቃል ተናግራ የማታውቅ ሴት ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ ከኔ ቀድማ በር ላይ ቆመች።

ስቱዲዮው ጠባብ ናት። ግድግዳው ላይ የለጠፉት ስፖንጅ ጥግ ጥጉ ተልጧል፤ ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ፣ ሙጫ ቆጥበዋል። የድምፅ ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ ለእናትህ የራሷን ወንበር ለቀቀችላትና ቅጂውን ከፈተች። መጀመሪያ የመቅጃው ሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ዘፈኑ ሳይጀምር የትንሹ ወንድምህ ድምፅ።

"እናቴ ብትሰማን ሶኬቱን ነቅላ ነው የምትሄደው" አለና ሳቀ። ከዚያ "አንድ፣ ሁለት" ብሎ ቆጠረ። ዘፈኑ ገባ።

ይህ እንዳለ አላውቅም ነበር። አንተም የምታውቅ አይመስለኝም። ባለሙያዋ ደንግጣ አቆመችው። ሰብሳቢው ራሱን ያዘ። እናትህ ግን ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች "እውነቱን ነው፣ እነቅለው ነበር" አለች። ቀጥላ "ይህን ቁረጪው" አለቻት።

"እማማ፣ በጣም ያምራል እኮ" አለ ሰብሳቢው። "ሰው ሲሰማው..."

"ሰው ምን ቤት ነው? ድምፁ የኔ ነው። ለሰው ጊታሩ ይበቃዋል።"

ባለሙያዋ ቆረጠችው፣ ለብቻው በትንሽዬ ፍላሽ አድርጋ ሰጠቻት። እናትህ ተቀብላ መሀረቧ ውስጥ ቋጠረችው። ከዚያ ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች፤ ሰብሳቢው ደግፎ ወሰዳት።

ብቻችንን ስንቀር ባለሙያዋ ዘፈኑን ትንሽ አስኬደችና፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ሁለት ጊታር ነው ብለውኛል። ለየብቻ ሳዳምጣቸው ግን የአንድ ሰው እጅ መሰለኝ" አለችኝ።

"የአንድ ሰው ነው" አልኳት።

አንተ የምታውቀውን ነው የነገርኳት። ትንሹ ዘፈኑን በቀዳንበት ቀን ከኩላሊት እጥበት ወጥቶ በቀጥታ ወደ እኛ መምጣቱን። ጊታሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ክሩን ለመጫን ሲሞክር ጣቱ እንዳልታዘዘለት። አንተ ጊታሩን ከአንገቱ አውልቀህ፣ ብርድ ልብስ አልብሰህ፣ ወንበር ላይ አስቀምጠህ፣ "አንተ ቁጠርልን፣ ሌላውን ለኔ ተወው" እንዳልከው። መጀመሪያ ያንተን ወፍራሙን ድምፅ ተጫወትክ፣ ቀጥለህ የሱን ቀጭኑን። የቀጭኑ መሀል ላይ ያለችው ቦታ አልሆንልህ ብላ ስትደጋግማት ጣትህ ተቆርጦ በፕላስተር አስሬልሃለሁ። ትንሹ ደግሞ ከወንበሩ ላይ "ስታበላሸው ስሜን አታንሳ" እያለ ይስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ጊታር አልነካም። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆየም።

"ታዲያ እናቱ አያውቁም?" አለች ልጅቱ።

"አያውቁም።"

"አትነግሪያቸውም?"

በቀብሩ ማግስት ሳሎኑ ሰው ሞልቶ ሳለ እናትህ ያለችህን ባለሙያዋ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳት። "ልጄን በዚያ ጩኸትህ እየጎተትክ ያደከምከው አንተ ነህ" ስትልህ፣ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ፣ አንተ አንዲት ቃል ሳትመልስ ወጣህ። አፍህን ከፍተህ "እኔ ነኝ የተጫወትኩት፣ እሱ ቁጭ ብሎ ነበር" ብትል ይበቃ ነበር። ለምን እንዳላልክ ያኔም ገብቶኛል። የመጨረሻ ሥራው ነው ብላ የያዘችውን ልትቀማት አልፈለግክም። ከዚያ "ለጥቂት ወር ነው" ብለህ ለሥራ እዚያ ማዶ ሄደህ ወደብ ላይ ክሬን ላይ ወጣህ፤ እስከ ዛሬም አልወረድክም።

ስለዚህ ለባለሙያዋ "ዝም በይ" አልኳት። ይህን ስላት ምንም አልተሰማኝም። የጎረቤት ጉዳይ የማስረዳ ነበር የሚመስለኝ።

ምረቃው ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው አዳራሽ ሆነ። አሁን ወንበር የሚያከራይ ሰው መጋዘን አድርጎታል። የፕላስቲክ ወንበሮቹን እስከ ጣሪያ ቆልለው ወደ ግድግዳ ገፏቸው፣ መሀሉን ጠረጉት። የድሮዎቹ ሁሉ መጡ። ባለ ቬንትሌተሩ ተመልጧል። ከእህትማማቾቹ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። ሆድ ያወጣው፣ መነጽር ያደረገው፣ ልጅ ያዘለው ሁሉ ሸክላው ሲጀምር ያችኑ የድሮዋን ዝላይ ዘለለ፤ ጉልበቱ ግን የድሮው አልነበረምና ሁለት ዘፈን ሳይሞላ ግማሹ ተቀመጠ። እናትህ ከመጀመሪያውም ተቀምጣ ነበር፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ።

የኛው ሲደርስ ሰብሳቢው ማይኩን ይዞ "አሁን ሁለት ወንድማማቾች በጊታር ሲነጋገሩ እንሰማለን" አለ። የሸክላው ሽፋን ላይም እንዲሁ ነው የጻፈው። ሰው አጨበጨበ፣ ዱም ዱሙ ገባ፣ ሁሉም ተነሣ። እናትህ እጅጌዬን ሳበችኝ። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

"የሱ የትኛው ነው?" አለችኝ።

አላሰብኩበትም። "ቀጭኑ" አልኳት።

"ወፍራሙስ?"

"የትልቁ።"

"ያ ልጅ ድሮም ኃይለኛ ነው" አለች፤ ስምህን አትጠራም፣ ያ ልጅ ነው የምትልህ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ቀጭኑን አዳመጠች።

እኔስ? የግራ እጄ ጣቶች ጭኔ ላይ ቤዙን ይጫወቱ ነበር። እኔ አላዘዝኳቸውም። ከድሮዎቹ ሴቶች አንዷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ ጀርባዋን መታ መታ እያደረግኩ የወንበሮቹን ክምር አየሁ፤ የታችኛው ወንበር እግር ተሰንጥቋል፣ አንድ ቀን ይወድቃል ብዬ አሰብኩ። እግር እንኳ ደንዝዞ ሲለቅህ ይነዝርሃል። እኔን የሚነዝረኝም የለም። ትንሹን የቀበርን ቀን የጀመረኝ ነገር ነው፤ አንተ ስትሄድም አልባሰብኝም፣ አልተሻለኝም። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ሰው ሲቀልድ እስቃለሁ፤ ሳቄን ግን ከሌላ ክፍል እንደምሰማው ነው።

ከምረቃው በኋላ እናትህ ማጫወቻውን ክፍሏ አስገባችው። መርፌውን ማስቀመጥ አስተማርኳት። መጀመሪያ መርፌው ያመልጣት ነበር፣ አሁን ከኔ ትበልጣለች። ከሰዓት በኋላ ሲሆን በሩን ከፍታ፣ ድምፁን ለቅቃ፣ ሁለተኛውን ገጽ ታደምጣለች። አልፎ አልፎ ሌሎቹንም ታሰማቸዋለች፤ ባለ ቬንትሌተሩ ሲመጣ "ይሄ ሰውዬ ቤተሰብ የለውም?" ትላለች። የላይኛው ቤት ጎረቤታችን በር ላይ አስቁማኝ "እባክሽ ያንን ጎረምሳ አንድ በይው" አለችኝ። ጎረምሳው ሰባ ዓመት እንዳለፋት ስነግራት አላመነችኝም።

አንዳንዴ ከሥራ ስገባ ትጠራኛለች። ቀጭኑ ያችን አስቸጋሪ ቦታ ሲደርስ ጣቷን ታነሣና "ይኸው፣ እዚህ ጋ ይስቃል" ትለኛለች። እኔም "አዎ፣ ይስቃል" እላለሁ። ፕላስተር ያሰርኩልህ ቦታ ናት።

እንግዲህ የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። ምናልባት አንድ ቀን ትደውልላት ይሆናል። ከደወልክ ልትጠይቅህ ትችላለች። ቀጭኑ የሱ ነው በላት። ከኔ የተለየ እንዳትነግራት። ከባድ ነገር እንደምጠይቅህ አውቃለሁ፤ ግን ያኔም ሳትጠየቅ አድርገኸዋል።

ሐሙስ

ማክሰኞ እዚህ ላይ ደርሼ ደንበኛ መጣና አቆምኩት። ዛሬ ልዘጋውና ልልከው ነበር። ትላንት የሆነውን ግን ሳልጨምር ልልከው አልችልም።

ትላንት ከሥራ ስገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማጫወቻው ጠፍቷል። እናትህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አመማት ብዬ ገባሁ። ቀና ብላ አየችኝና፣

"ሁለቱንም ሲጫወት እጁ አልደከመውም?" አለችኝ።

የሰማሁት አልመሰለኝም። "ማን?" አልኩ።

"ትልቁ ነዋ።"

ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ቆምኩ። ልዋሽ አሰብኩ፣ ውሸቱ አልመጣልኝም። "ደክሞታል" አልኳት።

"እንዴ! እኔ በር ሲያንኳኩ እንኳ ማን እንደሆነ ለይቼ የምከፍት እናታቸው ነኝ። ትንሹ ይቸኩላል። ሲበላ ይቸኩላል፣ ሲናገር ይቸኩላል። ሸክላው ላይ የሚቸኩል ሰው የለም።"

"መቼ አወቅሽ?"

"አዳራሹ ውስጥ ጠረጠርኩ። እዚህ ስደጋግመው አወቅኩ።"

"ታዲያ 'እዚህ ጋ ይስቃል' እያልሽ የምትጠሪኝስ?"

"አንቺ የሱ ነው ብለሽኝ እንዴት ላሳፍርሽ?" አለች። "ደግሞ ያን ስልሽ ፊትሽ ትንሽ ይፈታ ነበር።"

ተቀመጥኩ፣ አጠገቧ። ሁለታችንም ግድግዳውን አየን።

"ታዲያ ትንሹ የት ነበር?" አለች።

"ወንበር ላይ። ብርድ ልብስ ለብሶ።"

"ማን አለበሰው?"

"ትልቁ። ጊታሩንም ከአንገቱ ያወለቀለት እሱ ነው። 'አንተ ቁጠርልን' ነው ያለው።"

"ሻይ ጠጣ?"

"ጠጣ። ሁለት ስኳር።"

እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በዚያ ሳሎን ውስጥ ያለችህን የምታነሣ መሰለኝ፤ አላነሣችውም። "ለምን አልነገረኝም?" አላለችም። ይልቅ እንዲህ አለች፦

"ልጄ ይበላል? እዚያ ማዶ ማን ያበስልለታል?"

"አላውቅም እማማ" አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ሽንኩርት ስትከትፍ ሰማኋት። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። አላለቀስኩም፤ እሷም ስትመጣ ዓይኗ ደረቅ ነበር። በላን። እንደ ወትሮው "ጨው አንሶታል" አለችኝ፣ እኔም "አላነሰውም" አልኳት። ሰሃኑን እሷ አጠበች።

ስለዚህ ማክሰኞ የጻፍኩትን ተወው። ምን በል እንደምልህ አላውቅም። አንተ የምታውቀውን ሁሉ እሷም ታውቃለች። ና አልልህም፤ እንድትመጣ እፈልግ እንደሆነ ራሴን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ስለ እኔና ስለ አንተ አንድም ነገር አልጻፍኩም፤ ረስቼው እንዳይመስልህ። ጽፌ የምጨርሰው ስላልሆነ ነው።

ዛሬ ከሥራ ልወጣ ስል አለቃዬ "ዛሬ ምቱ ጠፋብሽ፣ ምን ሆነሻል?" አለኝ። የመታሁትን ዞሬ አየሁት። ስቴፕሉ ሁሉ ጠማማ ነው። መንቀል ይኖርብኛል፤ ነገ።

ከፍታ ላይ ስትሆን ነፋሱ ይራራልህ። እግርህ የረገጠው ብረት ይጽናልህ። እጅህን ይጠብቅልህ፤ የሁለት ሰው ሥራ የሠራ እጅ ነው። ያለህበት ሰው ደግ ይሁንልህ።

የእናትህ ቁጥር አልተቀየረም። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ናት። ሙዚቃውን ከፍ ስለምታደርገው ላትሰማህ ትችላለች፤ ደጋግመህ ደውል።

ቤዟ